ከ2013ቱ ምርጫ 5 ቀን በፊት ፌስቡክ ምን አጠፋ?

ሰኔ 9 ቀን 2013 ዓ.ም. የምርጫ ቅስቀሳው የመጨረሻ ቀን ነበር። ጠቅላይ ሚኒስትር ዐቢይ አሕመድ በዚያው ዕለት ጅማ ላይ ለደጋፊዎቻቸው ንግግር አድርገዋል። ያዮ ወይም መቱ ሆኖ ሰልፉን በስልኩ የተከታተለ ሰው፣ የዚያን ቀን ሌላኛው ዜና አምልጦት ሊሆን ይችላል፦ ፌስቡክ ኢትዮጵያ ውስጥ የሚሠራ የፌክ አካውንት መረብ ማጥፋቱን አስታወቀ።

የጠፉት 65 የፌስቡክ አካውንቶች፣ 52 ፔጆች፣ 27 ግሩፖችና 32 የኢንስታግራም አካውንቶች ናቸው። ፔጆቹ ወደ 1.1 ሚሊዮን ተከታይ፣ ግሩፖቹ ደግሞ ወደ 766 ሺህ አባል ነበራቸው። ለማስታወቂያም 6,200 ዶላር ገደማ ተከፍሏል። ጽሑፎቹ በአብዛኛው በአማርኛ ሲሆኑ፣ ብልጽግናን እየደገፉ ኦነግንና ሕወሓትን ይተቹ ነበር። ከጀርባ እነማን አሉ? ፌስቡክ ምርመራው ከኢንፎርሜሽን መረብ ደህንነት ኤጀንሲ (ኢንሳ) ጋር ግንኙነት ወዳላቸው ግለሰቦች እንደመራው ገልጿል።

እዚህ ጋ ብዙ ሰው የሚስተው ነገር አለ። አካውንቶቹ የጠፉት ውሸት ስለጻፉ አይደለም። የጠፉት ማንነታቸውን ደብቀው፣ ተቀናጅተው፣ ብዙ ሰው መስለው ስለታዩ ነው። ያንኑ ጽሑፍ አንድ ሰው በራሱ ስም ቢለጥፈው በዚህ ሕግ አይነካም።

ለእኛ አካባቢ ነገሩ ይከብዳል። ኦፌኮና ኦነግ ከዚያ ምርጫ ወጥተዋል። የድምፅ መስጫ ወረቀቱ ላይ ያልነበረው ክርክር የቀረው ስልክ ላይ ነው፤ እዚያም ከሚከራከሩት ውስጥ የተወሰኑት እውነተኛ ሰዎች አልነበሩም ማለት ነው። ደግሞ ፔጅ ሲጠፋ ሰው ወራት ሙሉ ያነበበው አብሮ አይጠፋም። ምርጫው ሊካሄድ የቀረው 5 ቀን ብቻ ነበር።

የጥላቻ ንግግርስ? ሜታ ከግንቦት እስከ ጥቅምት (እንደ አውሮፓውያኑ ከሜይ እስከ ኦክቶበር 2021) ኢትዮጵያ ውስጥ ከ92,000 በላይ ፖስቶች ላይ እርምጃ ወሰድኩ፣ 98 በመቶ ያህሉንም ሰው ሪፖርት ሳያደርግ ራሴ አገኘሁት ብሏል። ቁጥሩ ያስደምማል፤ ግን 98 በመቶው የተሰላው ከተነሡት ውስጥ ነው። ሳይታዩ ያለፉት እዚያ ስሌት ውስጥ የሉም። ማሽኑ አማርኛና አፋን ኦሮሞ ይለያል ተብሏል። እኛ ኮመንት ስንጽፍ ግን አንዱን ዓረፍተ ነገር በሁለቱም ቋንቋ እናደባልቀዋለን፤ ስድቡም አንዳንዴ በቅኔ ነው። ቡና ላይ የተቀመጠ ሰው ማን እንደተነካ ወዲያው ይገባዋል፤ ማሽን ግን እንዴት ይገባዋል?

ሕጉም አለ፦ አዋጅ 1185/2012። ማኅበራዊ ሚዲያዎች ጥቆማ በደረሳቸው በ24 ሰዓት ውስጥ የጥላቻ ንግግርና ሐሰተኛ መረጃን እንዲያነሡ ይጠይቃል። ከ5,000 በላይ ተከታይ ባለው አካውንት ይህን ያሰራጨ ሰው እስከ 3 ዓመት ሊታሰር ወይም እስከ 100,000 ብር ሊቀጣ ይችላል። የመንደራችን የኳስ ፔጆች አድሚኖች እንኳ ይህን ቁጥር ያልፉታል፤ ለማንኛውም እወቁት።

አንድ ፔጅ ካጠራጠራችሁ ፕሮፋይሉ ላይ «ስለ» የሚለውን ከፍታችሁ የገጹን ግልጽነት የሚያሳየውን ክፍል ፈልጉ። መቼ እንደተከፈተ፣ ስሙ ስንቴ እንደተቀየረ፣ አድሚኖቹም ከየት አገር እንደሚሠሩ አብዛኛውን ጊዜ እዚያ ተጽፏል። አምና የኳስ ወሬ ይለጥፍ የነበረ ፔጅ ምርጫ ሲደርስ ስሙን ቀይሮ የፓርቲ ፔጅ ከሆነ፣ ያም እዚያው ይታያል።