የአጥንትና የመገጣጠሚያ ኢንፌክሽን፦ ምንነቱ፣ ምልክቶቹና መከላከያው

የአጥንትና የመገጣጠሚያ ኢንፌክሽን ተሕዋስያን ወደ አጥንት ወይም ወደ መገጣጠሚያ ገብተው ሲራቡ የሚከሰት ሕመም ነው። በአብዛኛው መንስኤው ስታፊሎኮከስ ኦሪየስ የተባለ ባክቴሪያ ሲሆን፣ የቲቢ ተሕዋስም አከርካሪን፣ ዳሌንና ጉልበትን ሊያጠቃ ይችላል።

የሚከሰትባቸው መንገዶች

ተሕዋስያኑ በደም አማካይነት፣ በክፍት ስብራት ወይም በቀዶ ሕክምና ወቅት ሊገቡ ይችላሉ። በደም አማካይነት የሚከሰተው የአጥንት ኢንፌክሽን በሕፃናት ላይ ይበዛል። በክፍት ስብራት ቆዳው ስለሚቀደድ አጥንቱ ለአፈርና ለቆሻሻ ይጋለጣል። ለስብራት ማያያዣ በገባ ብረት ላይ የተጣበቁ ባክቴሪያዎች ደግሞ ራሳቸውን በስስ ሽፋን ስለሚከልሉ በመድኃኒት ብቻ ለማጥፋት አዳጋች ናቸው።

ምልክቶች

ትኩሳት፣ የመገጣጠሚያ እብጠትና ሙቀት፣ ከፍተኛ ሕመም እንዲሁም ከቁስል የሚወጣ መግል ዋና ዋናዎቹ ናቸው። ትኩሳት ያለው ሕፃን እግሩን ወይም እጁን ማንቀሳቀስ እምቢ ካለ፣ ሕመሙ እንደ ወለምታ ተቆጥሮ ሊታሽ አይገባም። በመገጣጠሚያ ውስጥ የተጠራቀመ መግል በፍጥነት ካልተወገደ ልም አጥንቱን በቀናት ውስጥ ስለሚያበላሽ ዘላቂ የአካል ጉዳት ያስከትላል።

በአዲስ አበባ ዙሪያ ለሚኖሩ

ሰበታና ተጂ በጅማ፣ ቡራዩ በአምቦ፣ ሱሉልታ በጎጃም መንገድ ላይ የሚገኙ በመሆናቸው ነዋሪዎቻቸው ለትራፊክ አደጋ ተጋላጭ ናቸው። ክፍት ስብራት ያጋጠመው ሰው በቅድሚያ በአቅራቢያው ወደሚገኝ ጤና ተቋም መወሰድ አለበት። ቁስሉን ማጠብ፣ ፀረ ባክቴሪያ መድኃኒትና የመንጋጋ ቆልፍ መከላከያ መስጠት በዚያው ሊጀመር ይችላል፤ መድኃኒቱ በቶሎ ሲጀመር የኢንፌክሽን ስጋት ይቀንሳል። ከዚያም እንደ ጉዳቱ መጠን ወደ ጥቁር አንበሳ ወይም ወደ አቤት ሆስፒታል ሪፈር ሊደረግ ይችላል። የቀይ መስቀል አምቡላንስ የስልክ ቁጥር 907 ነው።

በጉዞ ወቅት ቁስሉን በንጹሕ ጨርቅ መሸፈንና የተጎዳውን አካል ሳይንቀሳቀስ ማሰር ይገባል። የወጣ አጥንትን ወደ ውስጥ መግፋት፣ ቅቤ፣ ቡና ወይም ቅጠል ማድረግ አይገባም። በወጌሻ በቀርከሃ ተጠብቆ የታሰረ ስብራት የደም ዝውውርን ሊያቋርጥና ለጋንግሪን ሊዳርግ፣ እስከ መቆረጥም ሊያደርስ ይችላል። ጣቶች ከቀዘቀዙ፣ ከጠቆሩ ወይም ከደነዘዙ ማሰሪያው ወዲያውኑ ሊፈታ፣ ታካሚውም ወደ ሆስፒታል ሊወሰድ ይገባል።

ከቀዶ ሕክምና በፊትና በኋላ

የዓለም ጤና ድርጅት በ2016 እ.ኤ.አ. ባወጣው መመሪያ ታካሚው ከቀዶ ሕክምና በፊት ገላውን እንዲታጠብ፣ ፀጉርም በምላጭ እንዳይላጭ ይመክራል። የስኳር ሕመምን መቆጣጠርና ሲጋራ ማቆም ቁስሉ በቶሎ እንዲድን ይረዳል። የታዘዘ መድኃኒት ሕመሙ ቢሻልም እስከ መጨረሻው መወሰድ አለበት፤ ማቋረጥ ሕመሙ እንዲያገረሽና ተሕዋስያኑ መድኃኒቱን እንዲላመዱ ያደርጋል። ከቀዶ ሕክምና በኋላ መቅላት፣ መግል ወይም ትኩሳት የታየበት ታካሚ የቀጠሮውን ቀን ሳይጠብቅ ወደ ታከመበት ተቋም መመለስ ይኖርበታል።