በሊማሊሞ ያለፉ ሰዓቶች

በ18ኛው ምዕተ ዓመት እንግሊዞች ለባሕር ጉዞ የሠሩት ሰዓት ዋና ሥራው ቦታን ማሳወቅ ነበር። መሬት በአንድ ሰዓት 15 ዲግሪ ስለምትዞር፣ የግሪንዊችን ሰዓት ሳያዛባ የያዘ መንገደኛ ካለበት አገር ቀትር ጋር አነጻጽሮ ኬንትሮሱን ያሰላል። ኤች 4 የተባለው የጆን ሃሪሰን ሰዓት እ.ኤ.አ. በ1761 ወደ ጃማይካ ተጉዞ በ81 ቀን የሳተው 5 ሰከንድ ያህል ነበር። የዚህን ትርጉም ለማየት ባሕር አያስፈልግም፦ አንድ ደቂቃ የተሳሳተ ሰዓት ደባርቅን በካርታ ላይ 27 ኪሎ ሜትር ያህል ያዛውራታል፤ ከደባት እስከ ደባርቅ ካለው መንገድ ጋር የሚቀራረብ ስሕተት ነው።

በዚያ ዘመን በሰሜን ተራሮች ግርጌ የሚኖር ገበሬ ወይም ካህን እንዲህ ያለ ሰዓት አላስፈለገውም። ቀኑ ከጧት 12 ሰዓት ይጀምራል፤ ሌሊቱ በዶሮ ጩኸት ይለያል። የቤተ ክርስቲያን ሰዎች የገዛ ጥላቸውን በእግራቸው እየለኩ ሰዓቱን ያውቁ ነበር። ጥላው ከወር ወር ስለሚለያይ፣ በየወሩ ለየሰዓቱ ስንት እግር እንደሚሆን የሚያሳይ ሠንጠረዥ በግዕዝ የባሕረ ሐሳብ መጻሕፍት ይገኛል። በዚህ አካባቢ የዓመቱ ረጅሙ ቀን ከአጭሩ የሚበልጠው በአንድ ሰዓት ተኩል ያህል ስለሆነ፣ ዘዴው ለቅዳሴና ለጾም ከበቂ በላይ ነበር።

ስኮትላንዳዊው ጀምስ ብሩስ ከምፅዋ ተነሥቶ፣ ተከዜን ተሻግሮ፣ የሊማሊሞን አቀበት ወጥቶ ጎንደር የገባው በየካቲት 1762 ዓ.ም. (እ.ኤ.አ. 1770) ነው። ሊማሊሞ የነጋዴ ጓዝ የሚፈተሽበት ኬላ ነበረበት፤ የብሩስ ጓዝ ደግሞ ለኬላ ጠባቂ የሚገባ ዓይነት አልነበረም። ቀደም ሲል ቤንጋዚ አቅራቢያ በመርከብ አደጋ መሣሪያዎቹን፣ ሰዓቱንም ጭምር አጥቶ ነበር። የፀሐይን ከፍታ የሚለካበትን ትልቅ ኳድራንት የተካለት የፈረንሳዩ ንጉሥ ሉዊ 15ኛ ነው። ከኳድራንቱ ጋር ቴሌስኮፖችና ሌላ ሰዓት ይዞ መጣ።

ይህ ሰዓት የግሪንዊችን ጊዜ ለወራት እንዲጠብቅ አይጠበቅበትም ነበር። እንደ ኤች 4 ያሉ ሰዓቶች ያን ጊዜ በዓለም ላይ በጣት የሚቆጠሩ ሲሆኑ፣ ካፒቴን ኩክ ላርከም ኬንዳል የሠራውን የኤች 4 ቅጂ ይዞ የተነሣው ብሩስ ሊማሊሞን ካለፈ ከሁለት ዓመት በኋላ ነው። ብሩስ የታመነው በሰማይ ሰዓት ነበር። ቀን ላይ የፀሐይን ከፍታ በኳድራንት ለክቶ ሰዓቱን በአገሩ ቀትር ያስተካክላል፤ ሌሊት የጁፒተር ጨረቃ በጥላ ስትሰወር ደቂቃውንና ሰከንዱን ይጽፋል፤ ያንኑ ክስተት አውሮፓ ላይ ከተሰላለት ጊዜ ጋር ያስተያያል። ሰዓቱ ከቀን እስከ ሌሊት ታማኝ ከሆነ ይበቃል። ብሩስ ለጎንደር ያወጣው ኬንትሮስ 37 ዲግሪ ከ33 ደቂቃ ነው፤ ከዛሬው ልኬት የሚርቀው ከ10 ኪሎ ሜትር ባነሰ ነው። በዋሾነት ሲታማ ለኖረ ሰው ይህ ቁጥር ጥሩ ምስክር ነው።

ሰዓቱ በመመለሻው መንገድ ሊጠፋ ጥቂት ቀርቶት ነበር። እ.ኤ.አ. በ1772 መጨረሻ በኑቢያ በረሃ ግመሎቹ ሲያልቁ፣ ብሩስ ኳድራንቱን፣ ቴሌስኮፖቹን፣ ሰዓቱንና ጽሑፎቹን አሸዋ ላይ ጥሎ በእግሩ አስዋን ገባ፤ ኋላ ግመል አግኝቶ ተመልሶ አነሣቸው።

በ19ኛው ምዕተ ዓመት የባሕር ሰዓት ዋጋው ረክሶ በየመርከቡ ገባ። በሣጥኑ ውስጥ በናስ ቀለበቶች ተንጠልጥሎ የማዕበልን ውዝዋዜ ይችላል፤ የበቅሎን እርምጃና የገደል መንገድን ድንገተኛ ንቅናቄ ግን በዚያው ልክ አይችልም። እንግሊዞች ለመርከብ ያበጁት ብልሃት ከምፅዋ ወዲህ ግማሽ ዋጋውን ያጣል ቢባል ማጋነን አይሆንም።  በዚያው ዘመን ኢትዮጵያን እስከ እ.ኤ.አ. 1848 ድረስ የለካው አንቷን ዳባዲ ደግሞ ሥራውን ከሰዓት ይልቅ በማዕዘን ላይ መሠረተ፦ ከተራራ ጫፍ ሆኖ ሌሎቹን ጫፎች በቴዎዶላይት ያነጣጥራል፤ ከዚያም ወደ ሌላ ጫፍ ሄዶ ይደግማል። ለሰዓት እንቅፋት የነበረው የሰሜን ገደልና አምባ ለዚህ ዘዴ የተመቸ ነው።

ጣሊያኖች በወረራው ዘመን በሊማሊሞ መንገድ ካወጡ በኋላ ጉዞው በመኪና ሆነ። ሰዓትም ከየአገሩ ቀትር ተለይቷል፦ የዛሬው የኢትዮጵያ ሰዓት የሚቆጠረው በ45ኛው ዲግሪ ምሥራቅ ስለሆነ፣ ደባርቅ ላይ ፀሐይ መሐል ሰማይ የምትደርሰው በአማካይ ከቀኑ 6 ሰዓት ከ28 ደቂቃ ገደማ ነው። ብሩስ በዚያ አገር ቀትር የሞላው ሰዓት በዛሬው አቆጣጠር 28 ደቂቃ ያህል ወደ ኋላ የቀረ ይሆን ነበር።