ጠገራ ብርና አስመስሎ የተሠራው

ባለፈው ክረምት በግንደወይን የአንዱ ጓደኛችን አያት ሰባት ጠገራ ብር ከሣጥናቸው አውጥተው አሳዩን። አንድ ነጋዴ «በሁሉም ላይ ያለው ዓመት አንድ ስለ ሆነ ሐሰተኛ ነው» ብሎ በርካሽ ሊገዛቸው ፈልጎ ነበርና እውነቱን እንድንመረምርላቸው ለመኑን። እኛም ብናይ በሰባቱም ላይ 1780 ተጽፏል።

ነገሩ ግን ነጋዴው እንዳለው አይደለም። በብሩ ላይ መልኳ የሚታየው የኦስትሪያ ንግሥት ማርያ ቴሬዛ በፈረንጆች አቆጣጠር በ1780 ሞተች። ነጋዴዎች ግን ከለመዱት መልክ ሌላ አንቀበልም ስላሉ ቪየና ዓመቱን ሳትለውጥ መሥራቷን ቀጠለች። ጄኔራል ናፒየርም በ1860 ዓ. ም. ወደ መቅደላ ሲዘምት ይህንኑ ብር ይዞ መጣ። ዐፄ ምኒልክ በ1887 ዓ. ም. ባለ አንበሳውን ብር በፓሪስ ቢያስቀርጹም ባላገሩ ጠገራውን አልተወም። ሙሶሊኒም አገራችንን ለመውረር ሲሰናዳ በ1927 ዓ. ም. የብሩን መምቻ ከኦስትሪያ ተቀብሎ በሮማ አሠራ፤ አገሬውን በሚወደው ብር ሊገዛው ማለት ነው! ከዚያ እንግሊዞችም በሎንዶን ሠሩ። በሁሉም ላይ ያለው ያው 1780 ነው። በ1937 ዓ. ም. አዲሱ የኢትዮጵያ ብር ከወጣ በኋላ ጠገራው ከገበያ እየጠፋ ሄደ፤ ብዙውም በአንጥረኛ እጅ ቀልጦ መስቀልና አምባር ሆነ።

እንግዲህ ሐሰተኛውን ዓመቱ አይገልጠውም። የድሮ ሰዎች በንግሥቲቱ ትከሻ ላይ ያለውን የጌጥ ዕንቁ ይቆጥሩ፥ ብሩንም ድንጋይ ላይ ጥለው ድምፁን ያዳምጡ ነበር። ጠርዙም «በፍትሕና በምሕረት» የሚል ትርጕም ያለው የላቲን ጽሑፍ አለበት። እውነተኛው በመምቻ የተመታ ነው፤ ሐሰተኛው ግን ብዙ ጊዜ ቀልጦ በቅርጽ ውስጥ የፈሰሰ ስለ ሆነ ፊቱ ይሻክራል፥ ዕንቁው ይደበዝዛል፥ በጠርዙም የመጋጠሚያ መሥመር ይታያል። በአሜሪካ የጥንት የብረት መጫወቻ መኪና የሚሰበስቡ ሰዎችም አስመስሎ የተሠራውን የሚለዩት በዚሁ በሻካራነቱና በመጋጠሚያው ነው።

ብሮቹን አስፈቅደን በትምህርት ቤታችን ሚዛን መዘንናቸው። እውነተኛው 28 ግራም ያህል ይመዝናል፤ ከ1000 እጅ 833ቱ ንጹሕ ብር ነው። ስድስቱ ልክ ሆኑ። ሰባተኛው ቀለለ፤ ጠርዙም ልሙጥ ነበር።

ይህን ስንነግራቸው አያታችን ሰባተኛውን ለይተው አገላበጡት። በሠርጋቸው ቀን ከአባታቸው እጅ የተቀበሉት እርሱን ነበር። ከዚያም ሰባቱንም በአንድ ጨርቅ ቋጥረው ወደ ሣጥናቸው መለሱ።