ከዉስተር ግልገሎች እስከ ዚምባብዌ መጸዳጃ ቤቶች

ዋና ግቢው በኮሎምበስ የሚገኘው የኦሃዮ ስቴት ዩኒቨርሲቲ፣ በስተሰሜን ምሥራቅ በዉስተር ከተማ የእርሻ ምርምር ማዕከል አለው። በዚያ ፕሮፌሰር ሊንዳ ሳይፍና ባልደረቦቻቸው ከማንኛውም ጀርም ተጠብቀው ባደጉ የአሳማ ግልገሎች ላይ የሮታቫይረስን ክትባት ለረጅም ዘመን መርምረዋል። የእንዲህ ዓይነቱ ግልገል አንጀት ባክቴሪያ የሌለበት ስለሆነ ተመራማሪው የመረጠውን ብቻ ጨምሮ ውጤቱን መከታተል ይችላል። ላክቶባሲለስና ቢፊዶባክቴሪየም የተሰጣቸው ግልገሎች ለክትባቱ ያሳዩት ምላሽ ካልተሰጣቸው የተለየ ነበር።

እንቆቅልሹ ግን ከግልገሎቹ በዕድሜ ይበልጣል። አልበርት ሳቢን በዚያው በኦሃዮ፣ በሲንሲናቲ፣ የሠሩት በአፍ የሚሰጥ የፖሊዮ ክትባት እ.ኤ.አ. በ1960 ለከተማይቱ ሕፃናት ታደለ። ይኸው ክትባት በሐሩር አገሮች ድሃ ሕፃናት ዘንድ ደካማ ምላሽ ሲያገኝ ታየ። ከግማሽ ምዕተ ዓመት በኋላ ታሪኩ በሮታቫይረስ ተደገመ፦ በአውሮፓ ከ90 በመቶ በላይ ከከባድ ተቅማጥ የጠበቀው ክትባት፣ እ.ኤ.አ. በ2010 በታተመው ጥናት በደቡብ አፍሪካ 77፣ በማላዊ 49 በመቶ ብቻ ሆነ።

ባክቴሪያን ብቻ መክሰስ ግን ችኮላ ነው። የእናት ፀረ እንግዳ አካላት፣ የምግብ እጥረትና የቆሰለ አንጀትም ድርሻ አላቸው። እንዲያውም በደቡብ ህንድ ለሕፃናት አዚትሮማይሲን ሰጥተው የአንጀት ጀርሞችን የቀነሱ ተመራማሪዎች የፖሊዮ ክትባቱ ምላሽ ሲሻሻል አላዩም።

ኢትዮጵያ የሮታቫይረስን ክትባት በ2006 ዓ.ም. ስትጀምር ይህ ሁሉ ጥርጣሬ ነበረ፤ ውሳኔው ግን ትክክል ነበር። በመቶኛ ብቻ የሚያሰላ ሰው ይሳሳታል፤ በማላዊ በሽታው ስለሚበዛ፣ በዓመት ከተከተቡ 100 ሕፃናት የዳነው ከባድ ሕመም 6.7 ሲሆን በደቡብ አፍሪካ 4.2 ነበር። ግማሽ የሚሠራ ክትባት ብዙ ሕመም ባለበት አገር ይበልጥ ያተርፋል።

የቀረው ግማሽ ምናልባት ከክትባቱ ጠርሙስ ውጭ ይገኛል። እ.ኤ.አ. በ2019 የታተመ የዚምባብዌ ጥናት፣ መጸዳጃ ቤት፣ የእጅ መታጠቢያና የታከመ ውኃ ባገኙ ቤተሰቦች ዘንድ ለሮታቫይረስ ክትባት ምላሽ የሰጡ ሕፃናት ቁጥር ከፍ እንዳለ አሳይቷል። ኢትዮጵያ ውስጥ ክትባቱ በጤና ሚኒስቴር፣ ውኃው በሌላ ሚኒስቴር መዝገብ ይያዛል፤ የቧንቧው ትርፍ ሲሰላም የክትባቱ ድርሻ አይገባበትም።