ከአለቃ የሚደበቀው ጨዋታ፦ የሶሊቴር ታሪክ

ከሃያ ዓመት በፊት አንድ መሥሪያ ቤት ጉዳይ ለማስፈጸም የገባ ሰው ይህን ሳያይ አልቀረም። ጸሐፊዋ ከግዙፉ ኮምፒውተር ጀርባ ተቀምጣለች። ቀኝ እጇ ማውሱ ላይ ነው፤ ዐይኗ ከስክሪኑ አይነቀልም። ባለጉዳዩ «ሥራ በዝቶባት ነው» ብሎ ቆሞ ይጠብቃል። የአለቃው በር ድንገት ሲከፈት ጣቷ ፈጠን ይላል፤ መነጽሯ ላይ ያረፈው አረንጓዴ ብርሃንም በነጭ ይተካል።

ያ አረንጓዴ ብርሃን ሶሊቴር ነው።

ብዙ ሰው ስሙን እንኳ አያውቀውም፤ «ካርታው» ይለዋል። ኢንተርኔት ባልተዳረሰበት ዘመን ከኮምፒውተሩ ጋር አብሮ የመጣ፣ ማንም ለብቻው ያልገዛው ጨዋታ ነበር። መብራት ጠፍቶ ሲመጣ፣ «ሲስተም የለም» ሲባል፣ ለምሳ ሰዓት ሩብ ጉዳይ ሲቀር ሰው ወደ እሱ ይመለሳል። በኋላ ስንት የሚያምር፣ ስንት የሚጮኽ ጨዋታ መጣ፤ ካርታው ግን ከቦታው አልተነሣም። ሰው ወደ አንድ ተራ ጨዋታ ለዓመታት ደጋግሞ የሚመለሰው ለምንድን ነው? መልሱ ታሪኩ ውስጥ አለ።

ስሙ ትዕግሥት

ጨዋታው ከኮምፒውተር በብዙ ይበልጣል። ለአንድ ሰው የሚሆን የካርታ ጨዋታ በ18ኛው ክፍለ ዘመን መጨረሻ ግድም በሰሜን አውሮፓ፣ በጀርመንና በስካንዲኔቪያ አገሮች፣ ይታወቅ ነበር። መነሻው ከጥንቆላ ጋር ሳይነካካ አልቀረም የሚሉ አሉ፤ ካርታው በቅደም ተከተሉ ከገጠመ የታሰበው ይሳካል፣ ካልገጠመ ይቀራል። የቡና ስኒ ገልብጦ ዕድል ማንበብን ለሚያውቅ አገር ይህ እንግዳ ነገር አይደለም።

እንግሊዞች ጨዋታውን «ትዕግሥት» ብለው ጠሩት። በአሜሪካ የጸናለት ስም ሶሊቴር ሲሆን ትርጉሙ ወደ «ብቸኛ» ይጠጋል። ናፖሊዮን በሴንት ሄሌና ደሴት ግዞት ሳለ በዚህ ጨዋታ ጊዜውን ይገፋ ነበር የሚል አፈ ታሪክ አለ። የታሪክ አጥኚዎች ይጠራጠሩታል። ቢሆንም ሰዎች ጨዋታውን ከምን ጋር አያይዘው እንደሚያስቡት ያሳያል፦ ከግዞት፣ ከሕመም አልጋ፣ ከረጅም ምሽት ጋር። ገበጣ ተጋጣሚ ይፈልጋል፤ ዳማም እንዲሁ። ይኼኛው ማንንም አይፈልግም።

በኮምፒውተር ላይ የታወቀው ዓይነት ክሎንዳይክ ይባላል። በ1890ዎቹ መጨረሻ የወርቅ ፍለጋ ግርግር የተነሣበት የካናዳ ምድር ስምም ይኸው ነው።

የአንድ ክረምት ሥራ

እ.ኤ.አ. በ1988 ዌስ ቼሪ የሚባል ወጣት ተማሪ ማይክሮሶፍት ውስጥ በተለማማጅነት ይሠራ ነበር። በማኪንቶሽ ኮምፒውተር ላይ የነበረውን ሶሊቴር ይወድ ነበር፤ ለዊንዶውስም አንድ እንዲኖረው ፈለገና በትርፍ ሰዓቱ ሠራው። የካርታዎቹን ሥዕል የሠራችው ሱዛን ኬር ናት፤ የ1984ቱን ማኪንቶሽ ምስሎች የነደፈችው ያችው ሱዛን ኬር። ኩባንያው ሥራውን ወደደውና በግንቦት 1990 በወጣው ዊንዶውስ 3.0 ውስጥ አካተተው።

ቼሪ ከጨዋታው የሚታሰብለት ድርሻ አልነበረውም። ያገኘው ነገር ቢኖር በትምህርት ዓመቱ የፕሮግራሙን ስህተቶች እንዲያርምበት የተሰጠው ኮምፒውተር ነው። በዓለም ላይ በብዛት ከተጫወቱባቸው ጨዋታዎች አንዱን የሠራ ሰው ሳንቲም አልደረሰውም።

አንድ ነገር ደግሞ ከሥራው ላይ ተቆርጦ ቀረ። ቼሪ በመጀመሪያ «የአለቃ ቁልፍ» አስገብቶ ነበር። ቁልፉ ሲነካ ካርታው ይጠፋና በቦታው የሒሳብ ሠንጠረዥ የሚመስል የውሸት ገጽ ይመጣል። ማይክሮሶፍት ይህን አውጣው አለው፤ አወጣው። መደበቁ ግን አልቀረም፤ ያለ ቁልፉም በዓለም ዙሪያ ያለ ሠራተኛ ገጹን በፍጥነት መቀየር በራሱ ተማረ።

እጅን ማስተማር

አንድ የሶፍትዌር ኩባንያ ጨዋታን ከቢሮ ዕቃ ጋር ለምን ይሸጣል? በዚያን ጊዜ አብዛኛው ተጠቃሚ ማውስ ይዞ አያውቅም። ኮምፒውተር ማለት ትእዛዝ በፊደል የሚጻፍበት ጥቁር ገጽ ነበር። ካርታን በማውስ ይዞ፣ ጎትቶ፣ ሌላው ላይ መጣል ግን አዲሱን ዘዴ ያለ አስተማሪ ያለማምዳል። እ.ኤ.አ. በ1992 ዊንዶውስ 3.1 ይዞት የመጣው ፈንጂ ፍለጋ፣ ማይንስዊፐር፣ ደግሞ የማውሱን ግራና ቀኝ ለይቶ መጫንን አለማመደ።

ኢትዮጵያም ውስጥ በየሰፈሩ ከተከፈቱት የኮምፒውተር ማሠልጠኛዎች የወጣ ብዙ ሰው ማውስ መያዝ የተማረው በካርታ ነው። እጁ የሚንቀጠቀጥ ጀማሪ ሰባተኛውን ካርታ ስምንተኛው ላይ ማስቀመጥ ሲችል ደብዳቤ መጻፍ አያቅተውም። ጨዋታው የገባው አስተማሪ ሆኖ ነው። ትምህርቱ በአንድ ሳምንት አለቀ፤ ተማሪው ግን ለሃያ ዓመት ከክፍል አልወጣም።

ከንቲባውና ሠራተኛው

እ.ኤ.አ. በ2006 የኒውዮርክ ከንቲባ ማይክል ብሉምበርግ ከተማዋ በአልባኒ ያላትን ቢሮ ሲጎበኙ አንድ ሠራተኛ ኮምፒውተር ላይ ሶሊቴር ተከፍቶ አዩ። ሰውየው ከሥራ ተባረረ። ከንቲባው የሥራ ቦታ የጨዋታ ቦታ አይደለም ባይ ናቸው። ብዙ ሰው ግን ለሠራተኛው አዘነ፤ ምክንያቱም ያን መስኮት ያልከፈተ የቢሮ ሠራተኛ ማግኘት ከባድ ነበር።

እዚህ ላይ የባለጉዳዩንም ነገር መርሳት አይገባም። ቆሞ የዋለ ሰው ብሶቱ እውነት ነው። ፊርማ ፍለጋ ከገጠር ድረስ መጥቶ «ነገ ተመለስ» ለተባለ ሰው የጸሐፊዋ ካርታ መጽናኛ ሊመስለው አይችልም። ነገር ግን ካርታው ከሥራው ማነቆ በኋላ የመጣ ነው። የፈራሚው አለመኖር፣ የፋይሉ መጥፋት፣ የኔትወርኩ መቋረጥ ባዶ ሰዓት ይፈጥራል፤ ሰው ደግሞ ባዶ ሰዓትን በአንድ ነገር ይሞላል። ከንቲባውም ሠራተኛውን አባረው የቢሮውን ባዶ ሰዓት እዚያው ትተው ሄዱ።

መሸነፍ የማያሳፍርበት ቦታ

የጨዋታው ምቾት ከሚነሣባቸው ነገሮች አንዱ ሽንፈቱ ነው። ክሎንዳይክ ሁልጊዜ አይፈታም። የሁሉም ካርታ ቦታ አስቀድሞ ቢታወቅ እንኳ፣ ሦስት ሦስት እየተገለጠ በሚካሄደው ዓይነት ከ100 ድልድል ውስጥ ሊፈታ የሚችለው ወደ 82 ግድም ነው። ካርታው ተገልብጦ ሲጫወቱት ደግሞ ድሉ ከዚህ በጣም ያንሳል። ስለዚህ የተሸነፈ ሰው ጥፋቱን ወደ ካርታው ማላከክ ይችላል። ማንም አላየውም፤ ማንም አልበለጠውም። እንደገና ይደለድላል።

የእሱ ዘመድ የሆነው ፍሪሴል በዚህ ይለያል። በቀድሞው ዊንዶውስ ውስጥ ቁጥር የተሰጣቸው 32,000 ድልድሎች ነበሩት። እ.ኤ.አ. በ1994 እና 1995 በጎ ፈቃደኞች ተከፋፍለው ሁሉንም ሞከሩ። አንድ ብቻ እምቢ አለ፤ ቁጥር 11,982። የሚያስገርመው ሰዎቹ ያለ ክፍያ ይህን ያህል መድከማቸው ነው።

ሌላው ነገር ሥርዓቱ ነው። የተዘበራረቀ 52 ካርታ አለ፤ ቀይ በጥቁር ላይ፣ ትንሹ በትልቁ ላይ እየተቀመጠ ይስተካከላል። የሰው ሕይወት እንዲህ አይስተካከልም። ቤት ኪራይ፣ የልጅ ትምህርት ቤት፣ የወላጅ ሕመም በሰባት ረድፍ አይደረደሩም። በካርታው ላይ ግን አንድ ትንሽ ትርምስ በአሥር ደቂቃ ውስጥ መልክ ይይዛል፤ ሲያልቅም ካርታዎቹ እየነጠሩ ስክሪኑን ይሞሉታል። ያን ነጠራ ያየ ሰው ፈገግ ይላል። ሽልማቱ ይኸው ነው፤ ሌላ የለውም።

ከሁሉ በላይ ደግሞ ጨዋታው ከተጫዋቹ የሚፈልገው ነገር አልነበረም። ስም አይጠይቅም። «ትናንት ለምን ቀረህ?» አይልም። ወር ሙሉ ቢተዉት ሲመለሱ እንደነበረ ያገኙታል። መዝጋትም አንድ መጫን ነው።

ሳንቲም መቁጠር ሲጀምር

እ.ኤ.አ. በ2012 ዊንዶውስ 8 ሲወጣ ሶሊቴር የለበትም። የፈለገ ሰው ከኩባንያው መደብር በኢንተርኔት እንዲያወርደው ተደረገ። በ2015 ከዊንዶውስ 10 ጋር ተመለሰ፤ አሁን ግን ማስታወቂያ ይዞ ነው። ማስታወቂያውን ማየት ያልፈለገ በወር 1 ዶላር ከ49 ሳንቲም ይክፈል ተባለ። ለ22 ዓመት በነጻ በጠረጴዛ ላይ የነበረ ካርታ ኪራይ ተጠየቀበት። የየዕለት ውድድርና የነጥብ ደረጃም ተጨመረበት።

ሰው ግን አልሸሸም። በ2019 ጨዋታው አሜሪካ ውስጥ ሮቸስተር በሚገኘው የዓለም የቪዲዮ ጨዋታዎች የክብር መዝገብ ገባ። በ2020 ሠላሳ ዓመት ሲሞላው ማይክሮሶፍት በወር 35 ሚሊዮን ሰው እንደሚጫወተው፣ በቀንም ከ100 ሚሊዮን በላይ ዙር እንደሚደለደል አስታወቀ። ልማድ በቀላሉ እንደማይለቅ ኩባንያዎች ያውቃሉ።

ጥያቄው እዚህ ላይ ነው። ድርጅቶች ሰው ደጋግሞ የሚመለስበትን ነገር ዋጋ ተረድተዋል። ዛሬ በስልክ ላይ የሚጫኑ የካርታና የእንቆቅልሽ ጨዋታዎች በየዙሩ ማስታወቂያ ያሳያሉ፤ «ናፍቀኸናል» የሚል መልእክት ይልካሉ፤ ሁለት ቀን የጠፋን ሰው ያገኘውን ነጥብ ይቀንሱበታል። በዚህም ሰውየው ሊያርፍ ገብቶ ደክሞ ይወጣል፤ ለምን እንደደከመውም አያውቅም። መመለስ በራሱ ክፉ ነገር አልነበረም። ሰው ወደ ሚያውቀው ነገር መመለሱ ጥንትም ነበር፤ ያው ቡና በየቀኑ ይፈላል፣ ያው ተረት በየማታው ይነገራል። ልዩነቱ ማን ማንን እንደሚፈልግ ነው። ቀድሞ ሰው ሲፈልግ ወደ ካርታው ይሄድ ነበር፤ አሁን ካርታው ሰውን ይጠራዋል።

አሮጌ ኮምፒውተር በማይጣልበት አገር፣ ኢንተርኔት ያልተገጠመለት፣ አቧራ የለበሰ ዊንዶውስ ኤክስፒ አሁንም በየጥጉ ይገኛል። የከፈተው ሰው አረንጓዴዋን ጠረጴዛ እንደ ጥንቱ ያገኛታል። ማስታወቂያ የለባትም፤ ማንንም አትጠራም። ሰባቱ ረድፍ ተደርድረው ይጠብቃሉ፤ አለቃው ከመጣም ትዘጋለች።