በረኛው ከሄደ በኋላ

ታሪክ ጸሐፊ ባለታሪኩን የሚበልጥበት አንድ ነገር ቢኖር የነገሩን መጨረሻ ማወቁ ነው። ማን እንዳሸነፈና ማን እንደወደቀ ካወቀ በኋላ ወደ ኋላ እየተመለሰ ምክንያት ይለቅማል፤ ምክንያቱ ሲገኝለትም ነገሩ ሁሉ ከጥንቱም እንደዚያ ሊሆን ግድ የነበረ ይመስለዋል። ይህን ስሕተት ለመረዳት የነገሥታትን ዜና መዋዕል ማገላበጥ አያሻም። በአንዲት አነስተኛ የአሜሪካ ከተማ በአንድ የኮሌጅ የበረዶ ሆኪ ቡድን ላይ የሆነውን ማየት ይበቃል።

ጨዋታው ለብዙዎቻችን እንግዳ ነውና ጥቂት ላስረዳ። በየወገኑ ስድስት ሰው ይሰለፋል፤ አንዱ በረኛ ነው። ተጫዋቾቹ ከሥሩ ስለት ባለው ጫማ በበረዶ ላይ እየተንሸራተቱ ጠፍጣፋ የሆነች ጥቁር ጎማ በቆልማማ ዱላ ወደ ተቃራኒው በር ይመታሉ። የገናን ጨዋታ ያየ ሰው ዱላውንና ግፊያውን ለመገመት አይቸገርም። ጨዋታው እያንዳንዳቸው 20 ደቂቃ የሆኑ ሦስት ክፍሎች አሉት። በሩ ጠባብ፣ ጎማዋም እጅግ ፈጣን ስለሆነች፣ አንድ ብርቱ በረኛ ያለው ቡድን ግማሹን ጦርነት ሳይዋጋ እንዳሸነፈ ይቆጠራል።

በኒውዮርክ ግዛት ኢታካ በምትባለው ከተማ የሚገኘው የኮርኔል ዩኒቨርሲቲ እንዲህ ያለ በረኛ ነበረው። ስሙ ኬን ድራይደን ይባላል፤ የመጣው ከካናዳ፣ የሚያጠናውም የታሪክ ትምህርት ነበር። ቁመቱ 1 ሜትር ከ93 የሚደርስ፣ በሩን በአካሉ የሚሞላ ወጣት ነበር። በዚያን ዘመን ደንብ የአንደኛ ዓመት ተማሪ በዋናው ቡድን ስለማይሰለፍ፣ እርሱ የተጫወተው ሦስት የውድድር ዘመን ብቻ ነው። በነዚህ ሦስት ዓመታት በሩን ከጠበቀባቸው ግጥሚያዎች ቡድኑ 76ቱን አሸነፈ፤ በ4ቱ ተሸነፈ፤ በ1ዱ አቻ ወጣ። እ.ኤ.አ. በ1967 ኮርኔል ቦስተን ዩኒቨርሲቲን 4 ለ 1 ረትቶ ለመጀመሪያ ጊዜ የአገር ሻምፒዮን ሆነ። በ1969 ደግሞ እስከ ፍጻሜው ደርሶ በዴንቨር ዩኒቨርሲቲ 4 ለ 3 ተሸነፈ። ድራይደን በዚያው ዓመት ተመርቆ ሄደ።

እንግዲህ አንባቢ ሆይ፣ መጨረሻውን ለጊዜው እንርሳውና በ1969 መጸው ላይ እንቁም። የኢታካ ዛፎች ቅጠላቸውን እያራገፉ ነው። የቡድኑ ወዳጆች በየዓመቱ የሚጠይቁትን ጥያቄ ይጠይቃሉ፤ «ዘንድሮስ እንዴት እንሆን ይሆን?» ይላሉ። በዚያች ሰዓት አስተዋይ የሆነ ሰው ምን ሊመልስ ይችል ነበር? ዋንጫው አምልጧል። ከእጅ የገባ የማይመስለውን ጎማ ሲያወጣ የኖረው ረጅሙ ሰው የለም። በእርሱ ስፍራ የሚቆመው ብሪያን ክሮፐር የተባለ፣ በቁመቱ እጅግ አጭር የሆነ ልጅ ነው። ከግዙፍ ሰው ቀጥሎ የሚቆም ሰው ያለ ጥፋቱ ሲያንስ ይታያል፤ በልጅነት ታላቅ ወንድሙን ተከትሎ ትምህርት ቤት የገባ ሁሉ ይህን ያውቃል። በጥንቃቄ የሚተነብይ ሰው «ጥሩ ዓመት ይሆናል፤ እንዳለፉት ግን አይሆንም» ቢል ማንም አይፈርድበትም ነበር።

የሆነው ግን ሌላ ነው። ኮርኔል በዚያ የውድድር ዘመን 29 ጊዜ ተጫውቶ 29 ጊዜ አሸነፈ። ሽንፈት የለም፤ አቻም የለም። የምሥራቁን ክፍል ዋንጫ ክላርክሰን የተባለውን ኮሌጅ 3 ለ 2 አሸንፎ ወሰደ። በብሔራዊው ግማሽ ፍጻሜ ዊስኮንሲንን ያለፈው 2 ለ 1 በሆነ ጠባብ ውጤት ነው። በመጋቢት 1970 በሌክ ፕላሲድ ከተማ በተደረገው ፍጻሜ ዳግመኛ ክላርክሰንን ገጠመ። በመጨረሻዋ ክፍል ዳን ሎድቦአ የተባለ ተከላካይ፣ አዎ፣ ተከላካይ፣ ሦስት ጎል አስቆጠረ፤ ጨዋታውም 6 ለ 4 አለቀ። ከዚያ ወዲህ በወንዶቹ ከፍተኛ የኮሌጅ ምድብ ሳይሸነፍና አቻ ሳይወጣ ሻምፒዮን የሆነ ቡድን የለም።

ለዚህ ምክንያት መስጠት ዛሬ ቀላል ነው። አሰልጣኙ ኔድ ሃርክነስ ከ1963 ጀምሮ ቡድኑን የገነባ ሰው ነበር እንላለን። ድር ቢያብር አንበሳ ያስር እንላለን። ትልቁ በረኛ ሲሄድ ሌሎቹ በእርሱ ጥላ መጠለላቸውን ትተው እያንዳንዳቸው በሩን መጠበቅ ጀመሩ ብለን ልናሳምርም እንችላለን። ይህ ሁሉ እውነት ሊሆን ይችላል። ነገር ግን ሎድቦአ ሦስቱን ጎል ባያገባ ኖሮ፣ ዊስኮንሲንም አንዲት ጎል ቢጨምር ኖሮ፣ እኛው ራሳችን «ያለ ድራይደን ምን ይጠበቅ ነበር?» ብለን በዚያው እርግጠኝነት እንጽፍ ነበር። ምክንያቶቻችን ውጤቱን ተከትለው የሚያድሩ እንግዶች ናቸው።

ይህን የሚያጸና ሌላ ነገር በማግስቱ ሆነ። ሃርክነስ ያለ እንከን ባሳለፈው ዓመት ክብር ከኮሌጅ በቀጥታ ወደ ባለሙያዎቹ ሊግ አለፈ፤ የዲትሮይት ሬድ ዊንግስ አሰልጣኝ ሆነ። የመጀመሪያው የውድድር ዘመን ሳያልቅ ከአሰልጣኝነቱ ተነሣ። በዚያው በ1971 ድራይደን ለሞንትሪያል ካናዲየንስ በመደበኛው ውድድር ስድስት ጨዋታ ብቻ ተጫውቶ ወደ ማጣሪያው ገባ፤ የስታንሊን ዋንጫም ከቡድኑ ጋር አነሣ፤ የውድድሩ ምርጥ ተጫዋችም ተባለ። የማይነቀነቅ የመሰለው ተነቀነቀ፤ ገና ያልተሞከረው ዓለት ሆነ።

ለእኛ ለሥነ ጽሑፍ ወዳጆች ድራይደን ሌላም ነገር ትቶልናል። በ1983 «ጨዋታው» ተብሎ ሊተረጎም የሚችል መጽሐፍ አሳተመ፤ በስፖርት ላይ ከተጻፉት ምርጦች አንዱ ተብሎ ይመሰገናል። በኋላም የካናዳ ሚኒስትር ሆነ፤ በ2025 ዐረፈ። ሃያ ዘጠኙን ድል ግን እርሱ አልተጫወታቸውም፤ የርሱ አለመኖር ግን በያንዳንዳቸው ውስጥ አለ።

ኮርኔል ከ1970 እስከ 2025 ባሉት ሃምሳ አምስት ዓመታት ያንን ዋንጫ ደግሞ አላነሣም። ስንት ጎበዝ አለፈ፤ ስንት መጸው «ዘንድሮ ነው» ተባለ። ቢሆንም በየዓመቱ ቅጠሉ ሲረግፍ፣ በረዶው በአዳራሹ ወለል ላይ ሲጋገር፣ ያ አሮጌ ጥያቄ ይነሣል። ጠያቂዎቹ አይታክቱም፤ ምናልባት በልባቸው አንድ ነገር ያውቃሉ። ሃያ ዘጠኙ ድል የመጣው ማንም ሊጠብቀው በማይደፍርበት ዓመት፣ አጭሩ ልጅ በሩ ላይ በቆመበት ዓመት ነበር።