አቦሸማኔው ተናጋሪና የጭላሎ ጭሰኛ

በግንቦት 1999 ዓ.ም. ጋናዊው የኢኮኖሚ ምሁር ፕሮፌሰር ጆርጅ አዪቴይ በታንዛኒያዋ የአሩሻ ከተማ በተካሄደው የቴድ ጉባኤ መድረክ ላይ ቆመው አፍሪካውያንን በሁለት እንስሳት መሰሏቸው። አቦሸማኔው ሙስናን የማይታገሥ፣ መንግሥት እስኪደርስለት ሳይጠብቅ በራሱ እግር የሚሮጥ አዲስ ትውልድ ነው። ጉማሬው ደግሞ ለችግሩ ሁሉ ቅኝ ገዢን እየረገመ ከተኛበት ረግረግ የማይነሣው የሥልጣን ልሂቅ ነው። ንግግሩ በዓለም ዙሪያ ተደመጠ፤ እሳቸውም ይህንኑ መልእክት ይዘው ከአዳራሽ አዳራሽ ተመላለሱ። በጥር 2014 ዓ.ም. አርፈዋል።

አዪቴይ በዋሽንግተን የአሜሪካን ዩኒቨርሲቲ መምህር፣ እ.ኤ.አ. በ1993 የተመሠረተው የነጻ አፍሪካ ፋውንዴሽን መሪ፣ የበርካታ መጻሕፍትም ደራሲ ነበሩ። በፈረንጆቹ አጠራር ሊበርቴሪያን ከሚባለው፣ የግለሰብን ነጻነትና የግል ንብረትን ከመንግሥት ሥልጣን በላይ ከሚያስቀድመው ወገን ይመደባሉ። ከብዙዎቹ የዚህ ወገን ጸሐፍት የሚለያቸው ግን አንድ ነገር ነው። ነጻ ገበያ፣ የሸንጎ ምክክርና ሥልጣንን መገደብ ከምዕራቡ ዓለም የተዋስናቸው ሳይሆኑ ከአያቶቻችን የወረስናቸው ናቸው ይላሉ። የአርሲ ኦሮሞ በኦዳ ሮባ ጥላ ሥር ሲመክርበት የኖረውን፣ በየስምንት ዓመቱ ሥልጣን የሚያስረክበውን የገዳ ሥርዓት ለሚያውቅ ሰው ይህ አባባል ባዶ ፉከራ አይደለም።

እኔ ግን አዪቴይን ከአሩሻ አንሥቼ በሐሳብ ወደ አሰላ ልወስዳቸው እወዳለሁ። ለምን አሰላ? ሁለቱ ከተሞች በአንድ ዓመት የሚገናኙበት ታሪክ ስላላቸው ነው። ጁሊየስ ኔሬሬ የኡጃማ ሶሻሊዝማቸውን ያወጁት በዚያችው አሩሻ እ.ኤ.አ. በ1967 ነበር። በዚያው ዓመት ደግሞ የንጉሠ ነገሥቱ መንግሥትና ስዊድን ተስማምተው ማዕከሉን አሰላ ላይ ያደረገውን የጭላሎ እርሻ ልማት ድርጅት፣ በአጭሩ ካዱን፣ መሠረቱ። ከአሩሻው ጉዞ የሚለየው ይህኛው በገበያ መንገድ መጀመሩ ነው።

ካዱ በቁሉምሳ የስንዴ ዘር እየመረጠ፣ ማዳበሪያ በብድር እያደለ፣ መንገድ እየጠረገ የጭላሎን ምርት ከፍ አደረገው። ችግሩ የመጣው ከዚያ በኋላ ነው። ስንዴ ትርፍ የሚያስገኝ መሆኑን ያዩ ባለርስቶች ጭሰኛውን አሰናብተው መሬቱን ራሳቸው ማረስ፣ ወይም ትራክተር ላለው ከበርቴ ማከራየት ጀመሩ። መንግሥትም ትራክተሩን ከቀረጥ ነጻ አድርጎ አገዛቸው። እኩሌታውን ወይም ሲሶውን ለባለርስት እየገበረ ለትውልድ ያረሰው ጭሰኛ ከነልጆቹና ከነከብቱ ለቅቆ ወጣ። ካዱ ኋላ ላይ ብድሩን ለትንንሽ ገበሬዎች ብቻ ለማድረግ ቢሞክርም ጎርፉን ሊገታው አልቻለም።

እንግዲህ የግል ንብረት ይከበር የሚል ተናጋሪ በዚያ ዘመን አሰላ ላይ ቢቆም ምን ይላል? የማንን ንብረት? አርሲ በ1870ዎቹ መጨረሻ በምኒልክ ጦር ከተያዘች በኋላ ብዙው መሬት በዘመቻ ለመጡ ሹማምንትና ወታደሮች ተሰጥቶ ነበርና፣ የባለርስቱ ሰነድ ከጠብመንጃ የተወለደ ነው። ብዙ አንባቢ አይጠብቀው ይሆናል እንጂ የሊበርቴሪያኖቹ ቁንጮ የነበረው አሜሪካዊው መሪ ሮትባርድ እ.ኤ.አ. በ1982 ባሳተመው የነጻነት ሥነ ምግባር መጽሐፉ በዚህ ጉዳይ ከጭሰኛው ጎን ነው የቆመው። በወረራ የተያዘ መሬት ባለቤትነት የለውም፤ ባለቤቱ አራሹ ነው ይላል። የእኛ ተማሪዎች በየካቲት 1957 ዓ.ም. «መሬት ለአራሹ» ብለው ሰልፍ የወጡት ከሌላ መጽሐፍ ተነሥተው ነው፤ የደረሱበት ግን ከዚህ እምብዛም የራቀ አልነበረም።

አብዮቱ ሲመጣ የየካቲት 1967ቱ አዋጅ ባለርስቱን አስወገደ። ጭሰኛውም ደስ አለው፤ ደስታውም የሚገባው ነበር። ይሁንና አዋጁ መሬቱን የሕዝብ ንብረት አለው እንጂ የገበሬው አላለውም። ብዙም ሳይቆይ የእርሻ ሰብል ገበያ ድርጅት ኮታ ይዞ መጣ፤ እንደ አርሲና ጎጃም ባሉት ትርፍ አምራች ክፍላተ ሀገር ገበሬው ስንዴውን በተቆረጠ ዋጋ እንዲያስረክብ ተገደደ። መልባ፣ ወልባ የሚባሉት የአምራቾች ኅብረት ሥራ ማኅበራት በሬውንና ማሳውን አንድ ላይ ጨመሩበት። በ1978 ዓ.ም. የመንደር ምሥረታው ዘመቻ ተፋፍሞ ተበታትኖ ይኖር የነበረው የአርሲ ሕዝብ ጎጆውን አፍርሶ በተሰለፉ ቤቶች ሰፈረ። የኔሬሬ አሩሻ ከሃያ ዓመት በኋላ አሰላ ደረሰች ማለት ነው። የቀድሞዋ ወዳጅ ስዊድን ሳይቀር ምን እየሆነ እንዳለ የሚያዩ አጥኚዎች በ1979 ዓ.ም. ላከች።

በየካቲት 1982 ዓ.ም. ኮሎኔል መንግሥቱ ቅይጥ ኢኮኖሚ ሲያውጁ የተከተለው ነገር ከማናቸውም የአዪቴይ ንግግር ይልቅ ተናጋሪ ነው። ማንም ሳይቀሰቅሰው ገበሬው የኅብረት ሥራ ማኅበሩን በጥቂት ወራት ውስጥ በታተነው፤ በሬውን ፈትቶ፣ ማሳውን ተካፍሎ ሄደ። በብዙ ቦታም ከተሰለፈው ቤት ወጥቶ ወደ ቀድሞ ቀዬው ተመለሰ።

ታዲያ ከሁለቱ ታሪኮች የትኛው ለአዪቴይ ይመሰክርላቸዋል? ሁለተኛው ብቻ የሚመስለው ሰው የሳቸውን ትምህርት እስከ መጨረሻው ያላነበበ ነው። አዪቴይ ስለ ተሐድሶ ሲጽፉ ቅደም ተከተል ነበራቸው። መጀመሪያ የሐሳብና የጽሑፍ ነጻነት፣ ከዚያ የፖለቲካው፣ ቀጥሎ የሕገ መንግሥቱና የተቋማቱ፣ በመጨረሻ የገበያው። ለጋሾች ይህንን ገልብጠው ገበያውን ቀድመው ይከፍታሉ ብለው አጥብቀው ይነቅፉ ነበር። በየአዳራሹ ጭብጨባ የሚያስገኘው የአቦሸማኔው ምሳሌ ነበር፤ ለአርሲ የሚበጀው ግን ይህ ብዙም ያልተጨበጨበለት ነው። በጭላሎ ገበያው የተከፈተው አንደበቱ እንደ ተዘጋ ነበርና። የጭሰኛና የባለርስትን ግንኙነት የሚያስተካክለው ረቂቅ ሕግ ስዊድኖች ቢወተውቱም ባለርስቶች በሞሉት ፓርላማ ተንጠልጥሎ ቀረ። ጭሰኛው የሚናገርበት ጋዜጣ፣ የሚመርጠው ፓርቲ፣ የሚሰማው ዳኛ አልነበረውም። ትራክተሩ ግን ደረሰ።

አዪቴይ በአሩሻ ሲናገሩም አንደበት በእኛ አገር ገና ውድ ነበር። ከ1997ቱ ምርጫ በኋላ የታሰሩት የቅንጅት መሪዎችና ጋዜጠኞች ያን ጊዜ በቃሊቲ ነበሩ። ከመካከላቸው ኢኮኖሚስቱ ዶክተር ብርሃኑ ነጋ፣ ኋላ በ2014 ዓ.ም. የትምህርት ሚኒስትር የሆኑት፣ «የነፃነት ጎህ ሲቀድ»ን የጻፉት ከእስር ቤት ነው። እነርሱ የተፈቱት ከአሩሻው ጉባኤ ጥቂት ሳምንታት በኋላ፣ በሐምሌ 1999 ዓ.ም. ነው።

በዚያው የአሩሻ መድረክ ዶክተር እሌኒ ገብረ መድኅን ለኢትዮጵያ የምርት ገበያ እንደሚያስፈልጋት ተናግረው ነበር፤ ገበያው በሚያዝያ 2000 ዓ.ም. ተከፈተ። እህል ግን በበቂ አልመጣለትም፤ ቡና በአዋጅ እንዲገባ ተደርጎ ነው የቆመው። በአዋጅ የሚቆም ነጻ ገበያ! አዪቴይ ቢሰሙ ምን ይሉ ነበር?

የአርሲ ገበሬ ዛሬ የይዞታ ማረጋገጫ ደብተር በእጁ አለ። በ1987ቱ ሕገ መንግሥት አንቀጽ 40 መሠረት መሬቱን ሊሸጠው አይችልም። በ2016 ዓ.ም. የወጣው የገጠር መሬት አስተዳደርና አጠቃቀም አዋጅ ግን የመጠቀም መብቱን ለብድር ዋስትና እንዲያስይዝ ይፈቅድለታል። ዕዳውን መክፈል ካቃተው አበዳሪው ማሳውን ለተወሰነ ዘመን ይጠቀምበታል። ከዚህ ውል ሲጣላ የት ሄዶ እንደሚናገርና ማን እንደሚሰማው፣ ከጭላሎ ጭሰኛ ልጆችና የልጅ ልጆች ሌላ አጥብቆ የሚጠይቅ አይኖርም።